ጉልላቱን ቀለም የቀባው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ራሰ በራ መሆን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ደንበኛው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ቀና ይልና፣ «የራስህንስ ማን ጨረሰልህ?» ይላል። ይሄን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማው እግዜር ይወቀው፣ እሱ ግን ሁሌም እንደ አዲስ ይስቅላቸው ነበር። ሲስቅ ደሞ ግንባሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በዛ ላይ የሚሠራበት ቤት ራሱ ራሰ በራ ነው። ክብ ነው፣ አንድ ምሰሶ እንኳን መሀሉ የለውም፣ ጎድጓዳ ሳህን ተደፍቶ የተረሳ ነው የሚመስለው። ሰዉ ታዲያ ሰውየውንና ቤቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ጉልላት» አላቸው። የገዛ ሚስቱ እንኳን ስትናደድ «አንተ ጉልላት!» ነው የምትለው፤ ሳትናደድ ደሞ ብዙም አትጠራውም።

ቤቱ ድሮ፣ አያቶቻችን ጎረምሳ በነበሩ ጊዜ፣ የአውቶብስ ትኬት መቁረጫ አዳራሽ ነበር። ያኔ አርማታውን ያፈሰሱት ጣውላ በክብ በክብ ደርድረው ነው። አርማታው ደርቆ ጣውላው ሲነሳ መልኩ ጣሪያው ላይ ቀረ። የእንጨቱ ጅማት አለ፣ ቅርንጫፍ የነበረበት ዓይን የሚመስለው ክብ ነገር አለ፣ የጎበጠ ሚስማር ምልክት ሁሉ አለ። ሁሉም ግራጫ ነው። ማንም ልብ ብሎ አያየውም፤ ጣሪያ ነዋ! ጣሪያን ማን ያያል? የታመመና የሚላጭ ነው የሚያየው።

እሱ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቶታል። እናቱ እዛው አዳራሽ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ልጇን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት ከመስኮቷ ሥር ጨርቅ ታነጥፍና በጀርባው ታስተኛዋለች፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ እያየ ነው ያደገው። አንዱ የእንጨት ዓይን በሬ ይመስለዋል። አንዱ ያኮረፈች ሴት ትመስለዋለች። ሌላ ልጅ መጫወቻ ነበረው፣ እሱ ጣሪያ ነበረው። አውቶብሶቹ ወደ ሌላ መናኸሪያ ሲዛወሩ እናቱም ሥራዋን አጣች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ አዳራሹም እየተሸነሸነ ለየባለሙያው ተከራየ። እሱ ቶንዶስ መያዝ እንደለመደ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እዛው ገብቶ ጥግ መያዝ ነው። ትኬት መስኮቱ በነበረበት ቦታ መስታወቱን ሰቀለ።

ከዛ በኋላ ያለው ኑሮው በሙሉ ከጣሪያው ጋር ነው። ክረምት ሲመጣ በውጪ በኩል ጣሪያው ላይ ወጥቶ የውሃ መውረጃውን ይጠርጋል፣ ስንጥቁን በሬንጅ ይደፍናል፣ ተንሸራቶም አንዴ እጁን ሰብሯል። ማንም አላዘዘውም። ኪራዩን የሚሰበስበው ቢሮ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብሎት አያውቅም።

የሰፈሩ ሰው እስካሁን የሚያወራው ግን የልጁን ሠርግ ነው። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው። ሠርጓ ላይ፣ ልክ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ፣ ዝናብ ወረደ። እሱ ሰማዩን አየ፣ ሙሽራዋን አየ፣ እንደገና ሰማዩን አየ። «መጣሁ» ብሎ ወጣ። የተመለሰው ሙሉ ልብሱ በሬንጅ ተለውሶ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ሚስቱ ያን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሙሽራዋ አለች፣ ሙሽራው አለ፣ እሷ አለች፣ የእሷ ወንድም በአባት ቦታ ቆሟል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ፎቶው እየጠቆመች ትናገራለች።

«ጣውንት አለችብኝ» ትላለች። «ሰው ብትሆንማ ፀጉሯን እነጭላት ነበር። ምን ላድርግ፣ ራሰ በራ ነች!»

ሰዉ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ባለሀብት መጣ። አዳራሹን አፍርሶ ባለ ፎቅ ሊሠራበት ከከተማው ጋር እየተነጋገረ ነው፤ እዛ ውስጥ ለሚሠሩት በሙሉ ደሞ ምድር ቤቱ ላይ የመስታወት በር ያለው፣ መጸዳጃ ቤቱ እዛው የሆነ ሱቅ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በሰዎቹም አይፈረድም። ጉልላቱ ጥገናው አያልቅለትም፣ በብርድ ጊዜ አጥንት ይሰብራል፣ ሽንት ቤት ሲያምራቸው መንገድ መሻገር አለባቸው። የሚስቱ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው፤ ከእሱ ፊት ለፊት የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ነው የሚሠራው። ውድ ጨርቅ ላይ ስንት ጊዜ ውሃ ጠብ እንዳለበት እሱ ያውቃል።

ጉልላት ግን የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ሰማ። አሮጌ ቤት በቅርስነት ከተመዘገበ ማንም አያፈርሰውም፤ ካልተመዘገበ ግን አለቀለት። ይሄን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። የቅርስ ቢሮ ደጅ መጥናት ጀመረ። የመጀመሪያ ቀን የበሩ ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ምን ልታስመዘግብ ነው? እሱን ራስህን?» አለው። ሳቀለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሄደ። ደግሞ ሄደ። ሥራውን ዘግቶ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጥበቃው እንኳን ሰልችቶት ይሁን አዝኖለት እንጃ፣ አስገባው፤ አንዲት ባለሙያም መጥታ እንደምታይ ነገረችው።

እውነትም መጣች። ወጣት ናት፣ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች። ገና በሩን አልፋ ገብታ ቀና እንዳለች አፏን ከፍታ ቀረች። ጉልላት ደንግጦ የሚያደርገው ጠፋው። እንግዳ ውሃ እንኳን ሳይቀርብላት! «አንዴ፣ አንዴ እመቤቴ፣ መጣሁ» አለና ቀዝቃዛ ውሃ ሊገዛ ሮጠ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሱ ሱቅ ደርሶ እስኪመጣ ሴትየዋ ልብስ ሰፊውን፣ «እርስዎ ዘመድ ነዎት?» ስትል ጠየቀችው።

«ወንድሙ ማለት ነኝ። እህቴን ነው ያገባው።»

«እንግዲያው አደራ ይንገሯቸው። ይሄ የጣውላ አሻራ እንዲህ ሳይነካ የቀረ ቤት አይቼ አላውቅም። ሌሎቹ ሁሉ ተለስነው፣ ቀለም ተቀብተው አልቀዋል። የሚመዘገበው በዚህ ብቻ ነው። አለቆቼን ይዤ እስክመጣ ድረስ ማንም ምንም እንዳይነካ። ቀለም የለም፣ ልስን የለም፣ ሚስማር እንኳን እንዳትመቱ።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለ ልብስ ሰፊው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ጉልላት እያለከለከ ደረሰ። ሴትየዋ ውሃውን ተቀብላ በፈገግታ አየችው። «ለወንድምዎ ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። ዋናዎቹን ይዤ እመለሳለሁ» ብላው ወጣች። እሱ በር ድረስ ሸኛት፣ ተመለሰ፣ አማቹ ላይ አፈጠጠበት።

«ምን አለችህ?»

«ወዳዋለች።»

«እየቀለድክ ነው?»

«ሙት! አፏን ከፍታ አላየሃትም?»

«ሌላስ? ሌላ ምን አለች?»

ልብስ ሰፊው ክሩን በምራቁ አራሰና መርፌው ዓይን ውስጥ አስገባ። «ሌላማ… አለቆቿን ይዛ ትመጣለች። ይኸው ነው።»

ጉልላት ወደ ላይ አየ። ወደ ታች አየ። ዞር ዞር አለ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ማንም ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱን ያሳምራል። ሌላ ምን ያደርጋል? «እንዲህ አመድ መስሎ ነው እንዴ የሚያዩት?» አለ። «አለቆች እኮ ናቸው! እኔ ለምጄው ነው እንጂ ይሄ ሰው ፊት የሚቀርብ መልክ ነው?»

እነዛን የጣውላ መልኮች ከማንም በላይ የሚወዳቸው እሱ ነበር። ግን እሱ የሚወደው ነገር ትልልቅ ሰዎችም የሚወዱት ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። በሬውና ያኮረፈችው ሴት የልጅ ጨዋታ ናቸው፣ የእሱና የእናቱ ጉዳይ ናቸው። ቢሮ ያለው ሰው ቀለም ነው የሚወደው።

«ቀለም እንቀባዋለን!» አለ።

ልብስ ሰፊው ስፌቱን ቀጠለ። አጠገቡ ጫማ ሰፊው ነበር። ይሄ ሽማግሌ ምላሱ ስለሚወጋ «ወስፌ» ነው የሚሉት፤ ሴትየዋ ስታወራ ሁሉን ሰምቷል። ጉልላት የቀለም ዋጋ ሊጠይቅ ሲወጣ ወስፌ አንገቱን አስግጎ፣ «አትነግረውም?» አለ።

«ዝም አይነቅዝም።»

«አማችህ እኮ ነው፣ አንተ!»

«መጸዳጃ ቤቱ እዛው ያለበት ሱቅ ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ወስፌ የሚሰፋውን ጫማ አገላብጦ አየ። እሱን ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፤ ስኳር አለበት። «እኔ አልሰማሁም» አለ።

እስከ ምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ አወቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እሱ ብቻ አላወቀም።

ይባስ ብሎ ደሞ አገዙት! ቀለም የሚቀባ ዕለት ሁሉም ሱቁን ዘጋ። ለጣሪያው ጥገና እጁን ዘርግቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰበሰበ። አንዱ ረጅም ዘንግ ላይ ብሩሽ አሰረ፣ አንዱ ቀለም በጠበጠ፣ ልብስ ሰፊው ሁለቱን ጠረጴዛዎቹን መሀል ላይ ገጥሞ መሰላሉን እላዩ ላይ አቆመለት። ጉልላት የመረጠው ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ያውም ዘይት ቀለም፣ እንዲቆይ ብሎ። ራሱ ከፍሎ ነው የገዛው። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያያቸው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሰው መጥፎ ነው የሚለው ማነው!» አለ። «ቀን ይጠብቃል እንጂ ሰው መጥፎ አይደለም!»

«እውነትህን ነው» አለ ወስፌ ከታች። «ያቺ ጋ፣ ያቺ ጋ ቀርቶሃል፣ በደንብ አጥግባት!»

ዘንግ የያዙት ተያዩና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸውን ሳል አስመስለው አወጡት።

ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች። ወንድሟ ወደ ስፌት መኪናው ጠራት፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። እሷ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዛ ሳህኑን አስቀመጠች፣ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፣ መሰላሉን ያዘች።

«አንቺም መጣሽ?» አለ ከላይ፣ ደስታው አፉን ሞልቶት። የእሱና የእሷ ድምፅ እላይ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል።

«ስማኝማ» አለች ቀስ ብላ። «ቢቀርስ? እንዳለ ቢያዩት ምን ይለዋል?»

ወንድሟ ወዲያ ማዶ ቀና አለ። ሁሉም ዘንጉን አቆመ።

«እንዳለ? አንቺ ደሞ! አንቺ ለልጅሽ ሠርግ የቤት ልብስ ለብሰሽ ነበር እንዴ?»

«ሠርጉን አታንሳብኝ።»

«ለምን አላነሳም? የዛን ቀን መጥቼ ባልደፍነው ኖሮ ይሄኔ ጣሪያ የለም ነበር። ሰው ሁሉ ያማኛል፣ አንቺም ታሚኛለሽ፣ እኔ ግን አንድ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን ዛሬ ሙሽራዋን ትቼ እመጣለሁ!»

ይሄን ያለው በጨዋታ ነው፣ እየሳቀ ነው። እሷ አንዴ ቀና ብላ አየችው። ሰማያዊ ጠብታ ግንባሯ ላይ ወደቀ፣ አልጠረገችውም። መሰላሉን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«በል ቶሎ ጨርስ» አለችው።

ጨረሰ። ሁለት ጊዜ ደራርቦ ጨረሰ።

ባለሙያዋ ከሁለት አለቆቿ ጋር የመጣች ቀን ጉልላት ሙሉ ልብሱን ለብሷል። በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ሴትየዋ መንገድ ላይ እያለች ጀምሮ ለሰዎቹ ስታወራ ነበር፤ «አሁን ታያላችሁ፣ አሁን ታያላችሁ» እያለች ነው የገባችው። ቀና አለች። እንደ መጀመሪያው ቀን አፏን ከፈተች፣ ግን ወሬዋ አፏ ላይ ቀረ።

ከአለቆቹ አንዱ፣ «ይሄ ነው እንዴ?» አለ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አለች።

«እኔ ነኝ!» አለ ጉልላት። ደረቱን ነፋ። «ሁላችንም ነን፣ ግን የላይኛውን እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ… የጣውላው አሻራ… እኔ እኮ ለእሱ ነበር…» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «ለእርስዎ ነግሬዎት የለም? ማንም እንዳይነካ፣ ቀለም እንዳይቀባ ብዬ አደራ አላልኩም?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደና ጠቀለለው። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ አዋጅ ነጋሪ ነኝ እንዴ?» አለ።

አንድ ሰው ከኋላ ፈነዳ፤ ከዛ ሁለት፣ ከዛ ሁሉም ሳቁ። ጉልላቱ ሳቁን ተቀብሎ አብዝቶ መለሰው። ወስፌማ ዓይኑን እየጠረገ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» አለ።

ጉልላት ደሞ ምን አደረገ መሰላችሁ? ልማድ ነውና እሱም አብሮ ሳቀ። ቀልዱ ያልገባው ሰው እንደሚስቀው ትንሽ ሳቀና አቆመ። ዙሪያውን አንድ በአንድ አያቸው። የሚያየው ሰው ሁሉ ወደ ጫማው እያየ ነው።

«ይለቃል» አለ። «እኔ እፍቀዋለሁ። ዛሬውኑ እፍቀዋለሁ።»

አንደኛው አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠጋ ብሎ በዝግታ አስረዳው። ዘይት ቀለም አርማታው ውስጥ ይሰርጋል፤ ቢፋቅም ከነቆዳው ነው የሚነሳው፣ አሻራውም አብሮ ይሄዳል። «ሌላ አዳራሽ እንፈልጋለን» አላት ለሴትየዋ። ወጡ። እሷ በር ላይ ዞር ብላ አንዴ አየችው። እንደሱ ጣሪያውን የወደደ ሰው ሲያይ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር፣ እሷም እየሄደች ነው።

አልሰማቸውም፤ ፋቀው። ባለሀብቱ ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ በየቀኑ መሰላሉ ላይ ነበር። በነጭ ጋዝ ሞከረ፣ በቢላ ሞከረ፣ በምላጭ ሞከረ። እንደተባለውም ቆዳው እየተቀረፈ ወረደ። በሬው የነበረበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ሆነ። ያኮረፈችው ሴት ከአገጯ በላይ የለችም። ከታች ሰዎቹ ዕቃቸውን እያሸጉ ነው፤ አቧራው ሲወርድባቸው ይቆጡታል። መሰላሉን የሚይዝለት ግን የለም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እቤታቸው፣ ከፎቶው ሥር ቁጭ ብለው፣ ሚስቱን ጠየቃት። እስከዛ ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግሯት አያውቅም።

«መሰላሉን ስትይዢ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን አልለቀቅሽውም?»

«ባሌ ነህ» አለች። «እንድትወድቅ አልፈልግም።»

ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ደስታም ጸጸትም ፊቷ ላይ አልነበረም፤ እንደ ወትሮዋ ዕቃ አጠበች።

አፍራሾቹ በመጡ ቀን ሌሎቹ ሁሉ ወጥተዋል። ጊዜያዊ ሱቅ ተሰጥቷቸው፣ ምድር ቤቱ እስኪያልቅ እዛ ይሠራሉ፤ ለሱም ተሰጥቶታል፣ ቁልፉን የወሰደችው ሚስቱ ናት። አዳራሹ ውስጥ የቀረው የሱ ወንበርና መስታወት ብቻ ነው። የማፍረሻ መኪናው ነጂ ገባ። አንገቱ የደነደነ፣ ጢሙ ያደገ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱ ይለቀቅ ተብሏል እኮ።»

«እለቃለሁ።»

ሰውየው ጢሙን አከከ፣ መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። «ጓደኞቼ እስኪመጡ ትንሽ ጊዜ አለኝ። ትላጨኛለህ?»

ጉልላት ወንበሩን በፎጣ አራገፈለት። ጨርቁን አለበሰው፣ ሳሙናውን አረፋ አደረገው፣ ምላጩን ቀየረ። አንገቱን ወደ ኋላ አስተኛው። ጉሮሮው ወደ ላይ ተገለጠ፤ ምላጩም ጉሮሮው ላይ ቆመ፣ ትንሽ ቆየ። ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ወደ ላይ ያያል።

«ምን ዓይነት ጣሪያ ነው ይሄ?» አለ። «ለምጽ የያዘው ነው የሚመስለው።»

«ዝም በል፣ እንዳልቆርጥህ» አለ ጉልላት።

አንድ ጭረት ሳያወጣበት ላጨው። ከጆሮው ሥር፣ ከከንፈሩ ጥግ፣ ከአገጩ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ጢም አልቀረም። ሰውየው ፊቱን ዳሰሰና ደስ አለው።

«እጅህ ቀላል ነው፣ ጋሼ። ስንት ልስጥህ?»

«ተወው። የምታፈርሰው ከየት ጀምረህ ነው?»

«ከመሀሉ ነዋ። መሀሉ ከተመታ ሌላው ራሱ ይወርዳል።»

ጉልላት ምላጩን ጠረገና ወደ መሀሉ ቀና ብሎ አየ። ከዛ መስታወቱን ከግድግዳው ላይ ማውረድ ጀመረ። ብቻውን ስላልቻለ ሰውየው በሌላው በኩል ያዘለት።